ወደ ባሕር የዞረ ጆሮ

የቴሌግራፍ ጡረተኛው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳውን ተሻግሮ እስከ አንቴናው መጨረሻ ምሰሶ ሄደ። ጉልበቱ እንዲህ ያለውን መንገድ ከከለከለው ቆይቷል። ግን ጠዋት አናጢው ጎረቤቱ ምሰሶው ሥር ቆሞ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ በመስኮት አይቶታል፤ ከዚያ ወዲያ ምሳው አልዋጥ ብሎት ዋለ።

ሁለቱ በዚህ አንቴና ምክንያት ዓይንና ናጫ ሆነዋል። አራት ምሰሶ፣ አራት መቶ ሜትር ሽቦ፣ ሹል ጫፉን ወደ ባሕሩ የቀሰረ።

"ይህን የልብስ ማስጫህን ካላነሳህ በመጋዝ አነሳልሃለሁ!" ብሎታል አናጢው፣ ሰው እየሰማ።

በዚያ ልብስ ማስጫ ግን የልጁ ወሬ ይመጣበታል። ልጁ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ ነው። ከአንድ ከባድ ማዕበል በኋላ መርከቧ አሥራ ሁለት ቀን ድምጿ ጠፋ፤ አባትየው እህል አልቀምስ ብሎ አልጋ ያዘ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ የሞርሱ ምት፣ አጭርና ረጅሙ፣ እየደከመ ገባ። "ደህና ነኝ። አትጨነቁ።" ከዚያ ወዲህ በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያ ብዙም ሳይጨምር።

"እሱ መሆኑን በምን አወቅህ?" ሲሉት ይስቃል። "የእጁን አመታት አጣዋለሁ? ረጅሟን ምት ይጎትታታል። እናቱ ናት ያስተማረችው፤ የሷን ጥፋት ወረሰ።"

ሚስቱ ያቺን ሰዓት አብራው ተቀምጣ አታውቅም። "ሆዴ አይችልም፤ ስመለስ ትነግረኛለህ" ብላ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ከተማ የምትኖር የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ትሄዳለች። ቤቱ ሲጠብ አሮጌዎቹ የመላኪያ ሬዲዮዎች ሳይቀሩ የተከማቹት እዚያው እህቷ ጓዳ ነው።

ገመዱን ፈትቶ የአንቴናውን ጫፍ አወረደ። ሁለቱን ሽቦዎች የምታገናኘው ሬዚስተር፣ ጣት የማታህል ነገር፣ እግሯ በጉጠት ተቆርጧል። እሷ ከሌለች አንቴናው የፊቱንም የኋላውንም እኩል ይሰማል፤ ስትኖር ግን ለኋላው ደንቆሮ ሆኖ ባሕሩን ብቻ ያዳምጣል።

"አንተ አረመኔ!" አለ ብቻውን። ደሙ ፈላ። የተቆረጠውን ጫፍ ዝገት በቢላ ፍቆ፣ ጠምዝዞ ቀጠለና መልሶ ሰቀለው። አናጢውን ከልጁ ወሬ በኋላ ሊገጥመው አሰበ። እስከዚያው ዝም አይነቅዝም ብሎ፣ ለማንም ትንፍሽ ሳይል ቤቱ ገባ።

አሥር ሰዓት ሆነ። ማዳመጫውን ጫነ። ባሕሩ እንደዛሬ ጠርቶ ተሰምቶት አያውቅም፤ ስንት መርከብ ያወራል። የልጁ እጅ ግን የለም። ጠራው። ደግሞ ጠራው። አሥር ተኩል አለፈ። ፈራ፣ አጥንቱ ድረስ ፈራ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ።

"ዛሬስ ምን አለ?" አለች ሚስቱ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ።

"ምንም። ልጄ ዝም አለኝ እኮ!"

ሚስቱ በመስኮቱ ወደ መጨረሻው ምሰሶ አየች።

"ሽቦውን ቀጠልከው እንዴ?"