በሕይወት መኖራቸው ይረጋገጥ

ሰነድ አረጋጋጩን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ጥርጣሬ» ይሉታል። ስሙን ያውቀዋል፤ አይከፋውም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰውን ፊት ከፎቶው፣ ፊርማውን ከፊርማው ሲያስተያይ የኖረ ሰው ባይጠራጠር ነው የሚገርመው። ማታ ቤቱ ሲገባም እንዴት ዋልክ የሚለው ስለሌለ፣ ጥርጣሬውን ይዞት ይተኛል።

በየዓመቱ በዚህ ወር ጡረተኞች እሱ ዘንድ ይመጣሉ። በሕይወት መኖራቸውን አይቶ፣ ጠይቆ፣ ፈርሞ ማኅተም ያሳርፍላቸዋል። ድሮ ወረፋው ደረጃው ድረስ ነበር። እያደር ሳሳ፤ አሁን አሁን ብቅ የሚሉት አንዲት ባልቴት ብቻ ናቸው። ሌሎቹን ሞት ወሰዳቸው ብሎ አዝኖ ትቶታል።

ዘንድሮም ባልቴቷ ፀጉራቸውን በወግ አበጥረው፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው መጡ። ቅጹን ሲያየው ግን ደስ አላለውም። የኮፒ ኮፒ ነው፤ መስመሩ ሁሉ ደብዝዟል። መታወቂያው ላይ ያለችው ሴት ጉንጫም ናት፣ ፊቱ የተቀመጡት አጥንትና ቆዳ። ፊርማውም የአምናውን የሚመስለው በግድ ነው።

በሞተ ሰው ስም ፈርሞ ቢገኝ ከእንጀራው አልፎ ወህኒ ሊወርድ ነው። ባይፈርም ደግሞ፣ እውነተኛዋ ከሆኑ፣ አንዲት አሮጊት ጦማቸውን ሊያድሩ ነው። ጨነቀው።

ጥያቄ አበዛባቸው። የአባት ስም፣ የተወለዱበት ቀን፣ ያስተማሩበት ትምህርት ቤት። ሁሉንም ሳይቸኩሉ መለሱ፤ ሳይጠየቁም የመጀመሪያ ክፍላቸው በር ምን ቀለም እንደነበረ ነገሩት። ሲጨርስ ሌላ የምትጠይቀኝ የለም ወይ አሉት። አጥንተው የመጡ መሰለው።

አምና መልካችን አንድ ነው ብለው የነገሩት እህታቸው ትዝ አለችው።

«እህትዎስ ደህና ናቸው?»

«በክረምት ቀበርኳት።»

የትኛዋ ናት የተቀበረችው? አለ በልቡ። ብዕሩን አስቀመጠ።

«እናቴ፣ እርስዎ እርስዎ መሆንዎን የሚመሰክር ሰው ያምጡልኝ። ጎረቤትም ቢሆን ይበቃል።»

ባልቴቷ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አገላበጡት።

«የሚያውቀኝ ሰው ቢኖርማ፣ ልጄ፣ እዚህ ምን አመጣኝ?»

በቃ፣ ተያዘች። በልቡ አንቱታውንም ጣለው። በአፉ ግን በትሕትና ውጭ ይጠብቁኝ አላቸውና በሩን ዘግቶ ጡረታ ቢሮ ደወለ። ያነሳችው ሠራተኛ ስሙንና ቁጥሩን ተቀብላ መዝገቡን ስትፈልግ፣ እሱ የቅጹን፣ የፎቶውን፣ የእህትየዋን ነገር በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈላት። ሞተው ከሆነ ፖሊስ ልጥራ አላት።

በበሩ መስታወት ያያቸዋል። አግዳሚው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው እሱ በር ላይ ነው። ሥራ ሥራ ነው ብሎ ፊቱን መለሰ።

ሠራተኛዋ ተመለሰች። ሴትዮዋ በሕይወት አሉ፣ ባለፈው ሳምንትም እኛው ጋ መጥተው አሻራቸውን ሰጥተዋል አለችው። ተነፈሰ። ታዲያ ይህን ማረጋገጫ ፈርሜ ልስጣቸዋ አላት።

«የምን ማረጋገጫ? እሱን ወረቀት መጠየቅ ካቆምን እኮ አራት ዓመት ሆነን፤ ለሳቸውም ያኔውኑ ነግረናቸዋል።»