ጉበቱን የሚያሳጥበው ሰውዬ

መምህርቷ በሰው ፊት ድምፅዋ የማይሰማ ዓይን አፋር ናት። ባሏ ላይ ሲሆን ግን ምላሷ ምላጭ ነው፤ በተለይ ያ አረንጓዴ ጠርሙስ ቤቷ ከገባ ወዲህ።

"ምንድን ነው ደግሞ ይሄ? የኩሬ ውኃ ቀድተህ መጣህ?"

"የጎመን፣ የኪያርና የሎሚ ጭማቂ ነው። ጉበት ያጥባል።"

ባሏ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀቢ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቀለም ሲያሸት ኖሯል። ከጋራዡ ማዶ ጭማቂ ቤት የከፈተችው ሴትዮ ይህን ስለምታውቅ "ያሸተትከው ሁሉ ጉበትህ ላይ ተለስኗል" ብላዋለች። መስኮቷ ላይም "የጉበት እጥበት እዚህ አለ" የሚል ወረቀት ለጥፋለች፤ ልክ እንደ ጎማ ጥገና።

መምህርቷ የምታስተምረው ባዮሎጂ ነው። ሳቋ መጣ።

"ጉበት ሸሚዝ ነው እንዴ የሚታጠበው? አጣቢው እኮ ራሱ ጉበትህ ነው! የልብስ ማጠቢያ ማሽንን ማን ያጥበዋል?"

"እሱም አንዳንዴ ይታጠባል።"

"አይ የኔ ሊቅ! ጎመን በልቶ የሚነጻ ቢኖር በግ ይቀድምህ ነበር።"

እሱም አብሯት ይስቅና አፍንጫውን ይዞ ይጨልጠዋል። ቢራ ተወ። ቅባት ተወ። ማታ ማታ የተቀቀለ ካሮትና ድንች ብቻ ይበላ ጀመር። ሥራም በእግሩ እየሄደ በእግሩ ይመለሳል። ቦርጩ ሟሸሸ፤ ሱሪው በቀበቶ ካልሆነ አልቆም አለ።

ይሄኔ ነው የመምህርቷ ሳቅ የጠፋው። ባለጭማቂዋ ገና ወጣት ናት፤ ስትስቅ የደንበኛዋን ትከሻ ትነካለች። ሰውዬው ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "ልታጠብ ነው" ብሎ ይጠፋል። ስልኩ ሲጮህ ደጅ ወጥቶ ያነሳል። በዚህ ዕድሜው ቦርጭ የሚያጠፋ ወንድ ለጉበቱ ብሎ ነው? ስንት ዓመት የደከመችበት ትዳር በዓይኗ ፊት ሊፈርስ ነው። መነጠቁስ ይሁን፤ በኪያር መነጠቅ!

አንድ ምሽት ካሮቱን በሹካ እያገላበጠ፣

"ወንድምሽን የገደለው ጉበት ነው ብለሽኝ አልነበር?" አላት።

ፊቷ ተለዋወጠ። "መጠጥ ነው የገደለው። ለአንተ ምንህ ነው?"

"እንዲያው ነው። ክፉ ሰው ነበር?"

"ሙት ወቃሽ አታድርገኝ። ብላና ተኛ።"

አሁን ገባት። ያቺ ብልጣብልጥ ሞኙን ሰውዬ እየጎረጎረች ሁሉን አስለፍልፋዋለች፤ የሰው ሐዘን ሳይቀር ጨምቃ ልትሸጥለት ነው!

ቅዳሜ ጠዋት ሻርፕ ተከናንባ ተከተለችው።

ጭማቂ ቤቱ ጋ ሲደርስ ሴትዮዋ እጇን አውለበለበችለት። እሱ ግን ዞርም ሳይል አለፈ። "አሃ፣ ቀጠሮው ሌላ ቦታ ነው" አለች መምህርቷ በልቧ። ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ብርቱካንና ለስላሳ ፎጣ ገዛ። ለእሷ ፎጣ ገዝቶላት አያውቅም።

ትልቁ ሆስፒታል ግቢ ገባ። ደረጃውን እንደለመደ ሰው እየተቻኮለ ወጣ። ነርስ ናት ማለት ነው፤ ቢያንስ የተማረች መርጧል! ኮሪደሩ ጫፍ ያለ ክፍል ሲገባ እሷ ገርበብ ካለው በር ጀርባ ቆመች።

"ጎበዝ!" አለ የሽማግሌ ሐኪም ድምፅ። "ጉበትህ ላይ የነበረው ስብ ለቋል።"

"ጭማቂው ሠርቷል በሉኛ፣ ዶክተር።"

"ጭማቂው ያጠበው ኪስህን ነው። እኛ ክብደት ቀንስ አልን እንጂ ሣር ጨምቀህ ጠጣ ማን አለህ? የረዳህ መጠጥ መተውህ፣ በልክ መብላትህና በእግርህ መሄድህ ነው።"

መምህርቷ እዚያው በር ጥግ "አላልኩም!" ልትል ምንም አልቀራት። ወዲያው ግን ደነገጠች። ባሏ ታሞ ኖሯል?

"ታዲያ አሁን ይሆናል?" አለ ባሏ።

"ይሆናል። ያንተ ጉበት ጤነኛ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ግማሹን ቆርጠን ለእሱ እንሰጠዋለን። ባለቤትህ ግን ዛሬም አልሰማችም?"

"አልነገርኳትም። እንዳታፍር ብዬ ነው።"

በሩን ገፍታ ገባች።

አልጋው ላይ ከስቶና ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የተቀመጠው፣ በሠርጋቸው ሰሞን በስካሩ አፍራ "ሞቷል፤ ቀብሬዋለሁ" ብላ ለባሏ የነገረችው ወንድሟ ነበር።