ዝምታ የተመሰገነበት እሑድ

በሃውገን ሰውን ፊት ለፊት ማመስገን ያሳፍራል። ምግብ ሲጥም «መጥፎ አይደለም» ይባላል፤ ሠርግ ሲያምርም ያው «መጥፎ አይደለም» ነው። ሰሜን ዳኮታ ውስጥ እንዲህ ያለ ከተማ ሞልቷል። ስለዚህ የሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን በዚያ ጥቅምት ፓስተር ሩበን ቶርቪክን እናመስግን ብለው የምድር ቤቱን አዳራሽ ሲሞሉት፣ ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታይ አልነበረም።

ምክንያቱን ሕፃን ሽማግሌው ያውቀዋል።

የካቲት ላይ፣ ቀኑ ሊመሽ ሲል፣ የዳግኒ ሱልበርግ ብቸኛ ልጅ ካሪን ከመዝሙር ልምምድ በእግሯ ስትመለስ መኪና ገጭቷት አመለጠ። በረዶው ይዘንብ ስለነበር የጎማውን ዱካ ሸፈነው። ልጅቷ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ፣ መርዶውን ይዞ ዳግኒ ቤት ሲደርስ ፓስተሩን ወጥ ቤት ውስጥ አገኛቸው። ካፖርታቸውን እንኳ አላወለቁም፤ ገና አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። ዳግኒ ስትወድቅ የደገፏት እሳቸው ናቸው። እረኛ ማለት እንዲህ ነው ተባለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሸሪፉ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ከተማውን ሁሉ እየዞረ የሚጠይቀውን ጥያቄ እሳቸውንም ጠየቃቸው።

«ፓስተር፣ ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አሉ ፓስተር ቶርቪክ። «ግን ልናገር አልችልም።»

የጉባኤው ሰብሳቢ ኦርቪል ብሬክ ዘሎ መሐል ገባ።

«ተዋቸው እንጂ፣ ሸሪፍ! ሰውየው መጥቶ ተናዝዞላቸዋል ማለት ነው። ፓስተር ሲሾም እኮ የሰማውን ኑዛዜ ላያወጣ ይምላል። ብትገድላቸውም አይነግሩህም!»

ፓስተሩ መሬት መሬቱን አዩ። ሸሪፉም ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ።

ዳግኒ ግን አልሄደችም። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ፣ ሰው ሁሉ በር ላይ ፓስተሩን ጨብጦ ሲወጣ፣ እሷ እጇን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች ፊታቸው ትቆማለች።

«ስሙን ይንገሩኝ።»

«አልችልም፣ ዳግኒ።»

«ልጄን ቀብረዋታል እኮ! በእጅዎ አፈር ጣሉባት! ስሙን ብቻ!»

ሌላ ነገር አትፈልግም። ስሙን ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ፀጉሯ በአንድ ጸደይ ሸበተ።

ከተማው ስሙን ራሱ አገኘው። የእህል ጎተራው ባለቤት ቨርጂል ኒጎርድ በዚያው ሳምንት የፒካፕ መኪናውን የፊት መከላከያ ሌላ ከተማ ወስዶ አሠርቷል። «አጋዘን ገጭቼ ነው» አለ። ማን ይመነዋል? ሰው ሁሉ ዐይኑን ሲያፈጥበት ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን ተወ፤ መቅረቱም ሌላ ማስረጃ ሆነ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፓስተሩ ሐሙስ ሐሙስ እየሄዱ ቤቱ ሰዓት ሙሉ ይቀመጣሉ።

«ምን ሊያደርጉ ይመላለሳሉ ታዲያ? ነፍሱን ሊያተርፉ ነዋ!» ተባለ።

ገበሬው ስንዴውን ሠላሳ ማይል እየነዳ ሌላ ጎተራ ማስገባት ጀመረ። ሐምሌ ላይ የቨርጂል መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። መስከረም ላይ ጎተራውን ዘግቶ ዕቃውን ጫነ። ሲጭን ያገዙት ፓስተሩ ብቻ ናቸው፤ መኪናው ሲንቀሳቀስም መንገድ ዳር ቆመው አለቀሱ። ለነፍሰ ገዳይ የሚያለቅስ ልብ የት ይገኛል? እንግዲህ የምስጋናው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

እናም በእሑዱ፣ የድንች ቂጣውና ቀጭኑ ቡና ከተዳረሰ በኋላ፣ ኦርቪል ወረቀቱን ይዞ ተነሣ።

«እኛ ንግግር አይሆንልንም» አለ። «ግን ያየነውን አይተናል። አሮጌዋ መኪናቸው በየካቲቱ በረዶ አልነሣም ብላ ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ከተዘጋባት ወዲህ፣ በዚያ ሁሉ ብርድ ሕሙማንን የሚጠይቁት በእግራቸው ነው። ቁርባኑን ለእኛ ለሁላችን ያቀብላሉ፤ ራሳቸውን ይረሳሉ። ከየካቲት ጀምሮ ሲቀበሉ አላየሁም። ያን ሸክም ብቻቸውን ተሸክመዋል፤ ከአፋቸው አንዲት ቃል አልወጣችም። ፓስተር... መጥፎ አይደሉም።»

ሰው ሣቀ። ከዚያ ሁሉም ብድግ ብሎ አጨበጨበ። በዚያ አዳራሽ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ኦርቪል ምእመናኑ የገዙላቸውን መኪና ቁልፍ እጃቸው ላይ አኖረ። ፓስተሩ ቁልፉን አይተው ገረጡ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ዳግም አልነኩትም። ትሕትናቸው ብዙ ሰው አስለቀሰ።

ያኔ ዳግኒ ከኋላ ወንበር ተነሥታ መጣች። እጇን ከኪሷ አውጥታ የፓስተሩን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ስምንት ወር ሙሉ አቆሰልኩዎት። ሌላ ሰው ቢሆን ይለፈልፍ ነበር። እርስዎ ግን ቃልዎን ጠበቁ።»

«ዳግኒ፣ እባክሽ...»

«የለም፣ ልጨርስ። ከእንግዲህ ስሙን አልጠይቅዎትም። ቨርጂል መሆኑን አገር ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝና ቤቴ ገብቼ ልተኛ። የተናዘዘልዎት ቀን... ስለ ልጄ አለቀሰ?»

ፓስተር ቶርቪክ ፊቷን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ዐይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የመኪና ቁልፍ መለሱ።

«እስካሁን አልተናዘዘም» አሉ።