ሦስተኛው ዝርዝር

የሴቶች መጠለያውን ድረ ገጽ የሠራችው እሷ ነበረች። ረጂዎች እንዳይቸገሩ ብላ፣ የግቢውን አድራሻ የያዘውን ገጽ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በድረ ገጹ አናት ላይ በተደረደሩ ሦስት ዝርዝሮች ሥር አኑራው ነበር። የትኛውንም ቢጫኑ ወደዚያው ገጽ ያደርሳል።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ኃላፊዋ ወይዘሮ ጽጌማርያም በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

«አንድ ሰው ደውሎ ሚስቴን ደብቃችኋል እያለ ሲዝት ነበር። አድራሻችንን ከድረ ገጹ አሁኑኑ አንሺልኝ።»

ገጹን «ስለ እኛ» ከሚለው ሥር አነሣችው፤ «ያግኙን» ከሚለውም ሥር አነሣችው።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ እትዬ።»

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ? የተደበቁት እዚህ የተጠለሉት ሴቶች ናቸው፤ አንቺ ምን አስፈራሽ?»

ልቧ አላርፍ ቢላት ድረ ገጹን እንደ እንግዳ ሰው ከፍታ አንድ በአንድ መረመረችው። «ለመለገስ» የሚለውን ስትጫን የግቢው በር ፎቶግራፍ ከነአድራሻው ፊቷ ላይ ተዘረጋ። ሦስተኛውን ረስታዋለች።

እሱን ለማንሣት እጇን ስትሰድ፣ የበሩ ጠባቂ አባ ወልደሰንበት ቆባቸውን አውልቀው ከደጃፉ ቆሙ።

«እትዬ፣ አንድ ሰው መጥቷል። ልብስ ልለግስ ነው፣ አድራሻውን ከድረ ገጻችሁ አገኘሁ ይላል። እጁ ግን ባዶ ነው።»

ወይዘሮ ጽጌማርያም ወደ ጠባቂው ዞሩ።

«ማንን ጠየቀ?»

ሽማግሌው ወደ ኃላፊዋ አልተመለከቱም። ዐይናቸው ኮምፒውተሩ ፊት በተቀመጠችው ላይ ነበር።

«ሚስቴን ጥሩልኝ ነው የሚለው። የጠራው ግን የእሷን ስም ነው።»