ሰርጉ ላይ የተጠየቀ ይግባኝ

ጠበቃ አለምነው የሰርጉ ድንኳን ጥግ ላይ ቆሞ አድራሻው ያለበትን ካርድ ለፊርደውስ ዘረጋላት። «ሰኞ ቢሮ ብቅ በይ» አላት። በሕግ ተመርቃ ያለ ሥራ ለከረመችው ልጅ ሰርግ የመጣችበት ጉዳይ ይኸው ነበር፤ መካነ ሰላም ከተማ ላይ ረዳት እፈልጋለሁ ያለ ጠበቃ ከእሱ ሌላ አልነበረም።

እጇን ልትሰድ ስትል እትዬ ፈይዛ ከተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቀሚሷን ሳብ አደረጉ። ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤቷ ናቸው፤ የእርሻ መሬታቸውን ለባላቸው ወንድም ተከራክሮ ያስፈረደው ደግሞ ይኸው ጠበቃ ነው።

«ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል። ይግባኝ ማለት አሁንም እችል ይሆን?»

«ጊዜው አልፏል፣ እትዬ» አለ አለምነው ቀደም ብሎ፣ ፈገግ እንዳለ። ካርዱን ግን አልሰበሰበም፤ ዓይኑን ፊርደውስ ላይ ተክሎ ጠበቀ። ፍርዱ ከተሰጠ ወር እንኳ እንዳልሞላው፣ ለይግባኝ ደግሞ ስልሳ ቀን እንደሚሰጥ ሁለቱም ያውቃሉ።

ፊርደውስ ካርዱን አየች፤ ከዚያ ወደ እትዬ ፈይዛ ዞረች። «አላለፈም» አለች በመጨረሻ። «ገና ጊዜ አለዎት።»

አለምነው ካርዱን ኪሱ ከቶ ወደ ሙሽሮቹ ሄደ። እትዬ ፈይዛ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«አላህ ይስጥሽ» አሏት ክንዷን ይዘው። «ነይ ቁጭ በይ መጀመሪያ፤ ከዚያ ይግባኙን እንዴት እንደምጠይቅ ትነግሪኛለሽ።»