አፍንጫዬን አቀብዪኝ

የድሬዳዋው አሮጌ ሲኒማ ቤት ያንን ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ ኮሜዲ ከስንት ዓመት በኋላ ሊያሳይ ነው ሲባል፣ የጥንት አፍቃሪዎቹ ክራቫታቸውን አስረው ግልብጥ ብለው መጡ። የፊልሙን ቀጭን ተዋናይ ፎቶ ከልጆቻቸው ፎቶ ጎን ሰቅለው “ሸምበቆው” የሚል ስም ያወጡለት እነሱ ናቸው።

የቀድሞው አስተርጓሚ ከኋላ ወንበር ተሸጉጦ ተቀመጠ። ያኔ ከስክሪኑ ጎን ቆሞ ፊልሙን ለሕዝቡ በአማርኛ የሚናገረው እሱ ነበር። በምድር ባቡር ከለቃቀማት ፈረንሳይኛ በቀር የውጭ ቋንቋ እንደማያውቅ፣ ቀልዱንም ሁሉ ከራሱ እንደፈጠረው ግን ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ዛሬ ትክክለኛው ትርጉም ከምስሉ ግርጌ ተጽፎ ሊወጣ ነው።

ፊልሙ ተጀመረ። ቆንጆዋ ተዋናይት በሩን በሸምበቆው አፍንጫ ላይ ድርግም አድርጋ ዘጋችው። ሕዝቡም እንደ ልማዱ ባንድ ድምፅ፣ “እመቤቴ፣ አፍንጫዬ እቤትሽ ቀርቷልና አቀብዪኝ” አለ። ከግርጌ የወጣው ጽሑፍ ግን “ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቻለሁ” ይላል።

ሰው ሁሉ ጽሑፉን አንገቱን አስግጎ ደግሞ አነበበው። አስተርጓሚው በላብ ተጠመቀ።

ከፊት ወንበር አንዲት አሮጊት ተነሡ። አስተርጓሚው ስማቸውን ባያውቅም፣ ያኔ ከሐረር ድረስ እየመጡ የሚስቁትን ሳቅ አልረሳውም።

“ይሄን ጽሑፍ አጥፉልን። ሸምበቆው እንዲህ አላለም።”

“እማማ፣ እንግሊዝኛው የሚለው እኮ እንደዚያ ነው” አለ ትርዒቱን ያሰናዳው ወጣት።

“እሱንማ ያኔም እሰማው ነበር” አሉ ሳይቀመጡ። “ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። አጥፋው።”