የምጽዋ ውሃ

ሴትዮዋ ጀሪካኑን በሁለት እጇ ጨብጣ አልለቅም ብላለች። እኔም አልለቅም። ፊያት መኪናችን ኮፈኗን ከፍታ መንገድ ዳር ትጨሳለች፤ ባሌ ይግዛው ራዲያተሩ እስኪበርድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል። ሁለት ሴቶች በአንድ ጀሪካን እንጓተታለን።

«እህቴ፣ የሚጠጣ አይደለም» እላታለሁ ለሦስተኛ ጊዜ። «የባሕር ውሃ ነው። ጨው ነው።»

«ኧረ በአላህ» ትላለች። «ለኔ አይደለም፤ ለሷ ነው።»

እሷ ያለቻት ጀርባዋ ላይ ያዘለቻት ልጅ ናት። አሲያ ትባላለች። ስሟን የነገረችኝ ገና ከመኪናው ስወርድ ነው፤ ስሟን ካወቅሁ የምጨክን አልመሰላትም። ሦስት ዓመቷ ነው አለችኝ። የእኔ ካሣዬ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ክንዱ ግን ከሷ ክንድ ይወፍራል። ዝንብ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ እንኳ አታባርርም።

እንዴት ብዬ ላስረዳት? ከአዲስ አበባ ከወጣን ሁለት ወራችን ነው። ይግዛው ለዓመታት ያጠራቀመውን የእረፍት ፈቃድ ወስዶ፣ ልጆቹን ጭነን በጎጃም አድርገን ጎንደር፣ አክሱም፣ አስመራ ስንል ከረምንና መጨረሻ ላይ ምጽዋ ወረድን። እዚያ ስምንት ቀን ሙሉ ሥራችን ዓሣ መብላት፣ መተኛትና ውሃ ውስጥ መንቦጫረቅ ብቻ ነበር። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ደልቶኝ አያውቅም፤ ምን አስዋሸኝ። ደሴ ያሉት አማቴ እትዬ ማንያህልሻል ደግሞ ለቁርጥማቴ የባሕር ውሃ አምጡልኝ ብለውን ስለነበር ይህን ጀሪካን ሞላን።

ስለ ወሎ ረሃብ አንድም ነገር አልሰማንም ነበር። ሬዲዮው ዘፈንና ሹም ሽር ብቻ ነው የሚያሰማው። አላማጣ ላይ ነው ሰዉን ያየነው፤ የነበረንን ዳቦና ብርቱካን እዚያው አደልን። የሚጠጣውን ውሃ ራዲያተሩ ጨረሰው። ቆቦ ላይ ቆመን መሙላት እንችል ነበር። ልጆቹ ይህን ሁሉ አይዩብኝ ብዬ «ንዳ፣ ሮቢት እንሞላለን» ያልኩት እኔ ነኝ።

«እማዬ፣ ስጫት እንጂ» ትላለች የአምስት ዓመቷ ልጄ ማሚቴ በመስኮት ብቅ ብላ። ከዚያ ለሴትዮዋ ትነግራታለች፤ «እዚያ ብዙ አለ እኮ። እኛ እንዋኝበት ነበር።»

ሴትዮዋ ማሚቴን ታያታለች፤ ቀጥሎ እኔን። ድምጿ ውስጥ ቁጣ እንኳ የለም።

«የምትዋኙበትን ውሃ ነው የምትነፍጉኝ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከማውራት ማሳየት ይሻላል ብዬ ክዳኑን እከፍታለሁ፤ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እቀምሳለሁ፤ ፊቴን አጨማድዳለሁ። ስህተቴ የገባኝ ከዋጥኩ በኋላ ነው። እንግዳ ፊት መጠጥ ያቀረበ ሰው በመዳፉ ቀድሞ የሚቀምሰው፣ ደህና ነው፣ ጠጡ ለማለት አይደል? እናቴ ቤት ጠላ ስቀዳ እንዲያ እያደረግሁ ነው ያደግሁት።

«አላህ ይስጥሽ» ትላለች ሴትዮዋ፤ ጀሪካኑን ለቃ ሁለት እጇን አጣምራ ትዘረጋለች።

«ጥሩነሽ፣ እንዳትሰጫት» ይላል ይግዛው ከድንጋዩ ተነስቶ። «ያቺን ልጅ ይገድላታል።»

«ራስሽ ቅመሺው» እላታለሁ። «አንድ ጉንጭ ብቻ። ለአሲያ ግን እንዳትሰጪ።»

ስቀዳላት መዳፏን ወደ አፏ ትወስዳለች፤ ውሃው ተርፎ በአገጯ ይወርዳል። ትጎነጭና ቀጥ ትላለች። አትተፋውም። አፏ ውስጥ ይዛው ቆይታ በግድ ትውጠዋለች።

«ጨው ነው» ትላለች።

«አዎ።»

«ያ ሁሉ ውሃ?»

«ያ ሁሉ።»

ይግዛውን ዞሬ «አሁኑኑ ጭነናቸው እንሂድ» እለዋለሁ።

«በምን? ሞተሩ እሳት ነው። ሳይበርድ ብናስነሳው እዚሁ ይቀራል።» እጁን ኮፈኑ ላይ ሊያሳርፍ ይሞክርና ይመልሰዋል።

«መኪናዋ ስትበርድ ሮቢት ደርሰን ውሃ እናመጣልሻለን» እላታለሁ።

«ኢንሻአላህ» ትላለች። ስንት መኪና እንዲህ ብሏት እንዳለፈ እንጃ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ግራር ሥር የተኙ ሰዎች ሲነሱ የማየው በዚህ ጊዜ ነው። የሞቱ መስለውኝ የነበሩ ሁሉ ይነሳሉ። ስቀዳ አይተዋል። ቅል የያዘ አለ፤ ቆርቆሮ የያዘ አለ፤ አንዷ ምንም ስላጣች ነጠላዋን ጠቅልላ ይዛለች። ቀስ እያሉ ይመጣሉ።

ሴትዮዋ ወደ እነሱ ትዞራለች። «አትምጡ። ጨው ነው፤ አይጠጣም።»

ከፊት ያለው ሽማግሌ ቅሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ይራመዳል። «አንቺ ጠጥተሽ የለም እንዴ፣ መይሙና?»

«ወላሂ ጨው ነው።»

«አገጭሽ ርጥብ ነው» ይላታል። «ለኛም ይድረሰን እንጂ፣ ልጄ።»

«እውነቷን ነው» እላለሁ እኔም። የጠገበ ሰው ቃል ማን ይሰማል? ሽማግሌው ዞር ብሎ እንኳ አያየኝም።

መይሙና እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ ከጀሪካኑ ፊት ትቆማለች። «ወላሂ» ትላለች፤ «ወላሂ፣ ወላሂ።» እነሱም ይመጣሉ። አሲያ ከጀርባዋ ቀስ ብላ እጇን ትሰድና የእናቷን አገጭ ትዳስሳለች። ጣቷን ትጠባለች። ከዚያ እንደገና ትዘረጋለች።